አርባ አንድ ቁጥር ሐረግ

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ መምህሬ፣

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? እትዬስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ ማለቱ ከብዶኛል። ፊትዎ ቆሜ መናገር ያቃተኝን ነገር ነው በወረቀት የምልክልዎ።

ባለፈው ደብዳቤዎ «አርባ አንድ ቁጥርስ እንዴት ሆነች?» ብለው ቢጠይቁኝ «ደህና ናት፣ ሽቦዋን ይዛ እየወጣች ነው» አልኩዎ። ዋሸሁ። ያን ስጽፍ አርባ አንድን ካስነቀልኳት ዓመት ሊሞላ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ክፉ ጉንፋን ጥሎኝ ከርሞ ስነሳ ማሽተት አልቻልኩም። ነገ ይመለሳል፣ ከነገ ወዲያ ይመለሳል ስል፣ ሳሙናውም ናፍጣውም ለእኔ ውሃ ሆኖ ቀረ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። የምርምር ጣቢያው ሁሉ «አፍንጫ» እያለ የሚጠራኝ ሴት፣ አፍንጫዬ ጠፋ ብዬ ለማን ልንገር?

ለቀማው ደረሰ። ቢራ ጠማቂዎቹ ለቢራው ምሬትና ሽታ የሚጨምሩትን ሆፕ፣ የሐረጎቻችንን ፍሬ፣ የሚመርጡት በመዓዛው እንደሆነ ያውቃሉ። እኔም ፍሬውን በመዳፌ ፈርኬ፣ እንደ ድሮው ዓይኔን ጨፍኜ፣ ከአስር ነጥብ እሰጥ ጀመር። በግምት! አርባ አንድ ፍሬዋ ደቃቅ ነበር፤ ሁለት ሰጠኋት። ያቺ ለፍላፊ ለቃሚያችን እጇን አሽትታ «እታለም፣ ይቺ እኮ የብርቱካን ልጣጭ ናት! ቢራ ውስጥ ብትገባ እኔም እጠጣ ነበር» አለች። «ሥራሽ መልቀም ነው» አልኳት፣ ሰው ፊት። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ወደ ለቀማዋ ተመለሰች። ከአራት በታች ያገኘ ይነቀላል፤ ፈርሜ አርባ አንድን አስነቀልኳት፣ ሥሯም ተቃጠለ።

ባለፈው ወር ከላቦራቶሪ ውጤት መጣ። ሳትነቀል በተላከው ቅጠሏ የዘረመል ምርመራ እንደታየው፣ እርስዎ ከዱር ካመጡት ወንድ ሐረግ፣ ቅጠል ላይ ነጭ አመድ የሚነሰንሰውን በሽታ የሚቋቋመውን ዘር ወርሳለች። ከደረቀው ፍሬዋ ዘይት ደግሞ የእናቷ መዓዛ እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ከስድስት መቶ ወንድምና እህቶቿ ሁለቱንም የያዘች እሷ ብቻ ነበረች። እርስዎ አሥራ አንድ ዓመት የፈለጓት። እናትና አባቷን ደግመን ብናዳቅል እሷኑ እንደማናገኛት ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

ሰኞ ለሥራ አስኪያጁ ሁሉንም ነገርኩት። «ምነው ብትነግሪን፣ ሌላ ሰው እናስቀምጥ አልነበር?» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አሁን ጠረጴዛው ላይ ፍሬውን የምታሸተው ያቺው ለቃሚ ናት፤ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ነጥቧን እጽፋለሁ። ይቅርታ ብጠይቃት «ተይው እባክሽ፣ ይልቅ ጻፊ» አለችኝ።

እዚያ ስቀመጥ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ዘጠኝ ዓመት አብረን ስንሠራ ፍሬውን ፈርከው ወደ አፍንጫዬ ያቀርቡና «ምን ምን ይልሻል?» ይሉኝ ነበር። ያልኩትን ይጽፋሉ። የሚፈትኑኝ ይመስለኝ ነበር። አንድም ቀን ግን ራስዎ ሲያሸቱ አላየሁም፤ «ለእኔ ሌላ ሸተተኝ» ብለውኝም አያውቁም።

ምንም አልጠይቅዎትም፣ ጋሼ። ብቻ እኔም እንደ እርስዎ ያን ዕለት አጠገቤ የቆመችውን ብጠይቃት ኖሮ።

ፈጣሪ ዕድሜዎን ከጤና ጋር ያርዝምልኝ፣ ቤትዎን ከክፉ ይሰውርልኝ። ቢቀየሙኝ ይገባኛል፤ ከልጅነት ግን አይፋቁኝ።

ያሳፈረችዎ ተማሪዎ