ሽቅቡን የሚያውቅ መኪና

እንዴት ሰነበትሽ ጓደኛዬ፤

ባልሽ የለመድሻትን ትንሿን መኪና በፎር ዊል ሊለውጥብሽ ነውና «እስቲ የእህትሽን ባል መኪና እይልኝ» ብለሽኝ ነበር። አየሁልሽ።

ትናንት ከዝናብ በኋላ የጭቃ ዳገት ገጠመን። ትንንሾቹ መኪኖች ከሥር ቆመው መንገዱ እስኪደርቅ ይጠብቃሉ። የእህቴ ባል ግን «አራቱም ጎማ ይጎትታል» ብሎ ምንጣፍ ላይ እንደሚሄድ ሰው ወጣው። ኮራሁ፤ ለቀሩትም እጄን አውለበለብኩላቸው።

ከዳገቱ ማዶ ግን ቁልቁለቱ ላይ መንሸራተት ጀመርን።

«ኧረ ፍሬን ያዝ!» አልኩት።

«ይዣለሁ!»

«ታዲያ?»

«እሱ ነው እንቢ ያለው።»

ቀስ ብለን፣ በጎናችን፣ የአንድ ሰውዬ ጎመን ማሳ ውስጥ ገባን። ሰውዬው የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ወጣ። ገመዱና አካፋው በሩ ላይ ተዘጋጅተዋል።

«እንኳን ደህና መጣችሁ» አለ። «ዝናቡ ከጀመረ ስድስተኛ ናችሁ።»

«ሁሉም እንዲህ ዓይነት መኪና ነው?»

«ትንንሾቹማ የት ደርሰው እህቴ! ዳገቱ መች ያሳልፋቸዋል?»

ይኸው ነው። ለመውጣት ወደር የለውም፤ ለመቆም ግን እንደማንኛውም መኪና ነው፣ ያውም ከባድ። ከእናንተ ቤት እስከ ገበያው ደግሞ መንገዱ ቁልቁለት ነው። ትንሿን እንዳታስነኪ።

የምጽፍበት ፖስት ካርድ ሞላብኝ። ልጆቹን ሳሚልኝ፤ እናትሽንም ሰላም በይልኝ። ስለ ባልሽ ለባለ ጎመኑ ነግሬዋለሁ። መምጣቱ ካልቀረ በግራ በኩል ይግባ ብሏል፤ የቀኙ ገና አሁን የተተከለ ነው።