ካሜራዋ የጻፈችው ቀን

ውድ እትዬ፣

ከፖስታው ጀርባ ስሜን ሲያዩ ሳይከፍቱ ሊጥሉት እንደሚችሉ አውቃለሁ። ቢጥሉትም አልፈርድብዎትም። ከከፈቱት ግን እባክዎ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ። ከማዘጋጃ ቤቱ የካርታ ክፍል ያስወጣዎት ጥፋት የእርስዎ አልነበረም። የእኔ ነው።

ነገሩ የተገለጠልኝ ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። አለቃችን ጠራኝና ያቺን የኪስ ካሜራ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ «እንደዚህች ያለ አስር ልንገዛ ነው። ጥሩና መጥፎ ጎኗን በአንድ ገጽ ጻፊልኝ» አለኝ። ያውቁኛል፤ አንድ ጥያቄ ከተሰጠኝ አስር ወልጄ ነው የምመለሰው። «ለምንዬ» ብለው ያወጡልኝም ስም ለዚሁ አልነበር?

ሳምንቱን ሙሉ ይዣት ዞርኩ። ጥሩ ጎኗ ብዙ ነው። ከመዳፍ አትበልጥም፤ ትልቁ ካሜራ የማይደርስበት የመደርደሪያ ጥግ ሁሉ ትገባለች። ካርታው ላይ ስንዝር እስኪቀራት ተጠግታ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጽሑፍ አጉልታ ታወጣለች። ብርሃን ባነሰው ክፍል ግን ትደናበራለች፤ ፎቶው አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ብልጭታዋን ሳበራ ደግሞ የካርታው መሀል ነጭ ሆኖ ይጠፋል። የጀርባ ስክሪኗ ትንሽ ስለሆነ እዚያ ላይ ሁሉም ፎቶ ያምራል፤ ጉዱ የሚታየው ኮምፒውተር ላይ ሲወጣ ነው። ባትሪዋማ አያድርስ! ሙሉ ነኝ ባለች በሰዓቱ ትሞታለች።

ሐሙስ ዕለት እንደ ልማዷ ሞተች። ባትሪዋን ሞልቼ ስመልሰው ቀን እንዳስገባ ጠየቀችኝ። ቁልፉን ስጫን በስህተት ሰባት ቀን አለፍኩ። ዝም ብላ ተቀበለችኝ። ለማየት ብዬ አንድ ዓመት ጨመርኩባት፤ አሁንም ዝም። ያኔ ነው የእርስዎ ጉዳይ ትዝ ያለኝ።

እትዬ፣ ያን የውሃ መስመሮች ካርታ ያነሳሁት በዚህችው ካሜራ ነበር። በቆጠራው ጊዜ ካርታው ከመሀሉ ተቀዶ ሲገኝ ኮሚቴው ሁለት ነገር አመሳከረ። አንዱ፣ ወሩ በገባ በአምስተኛው ቀን ክፍሉን ጡረታ ከሚወጣው ከባለ ቀለበቱ ሽማግሌ ሲረከቡ «ሁሉም ደህና ነው» ብለው የፈረሙበት ሰነድ። ሦስት መቶ ጥቅል ካርታ በአንድ ከሰዓት ማን ገልጦ ያያል? ሌላው፣ የተቀደደውን ካርታ የሚያሳየው የእኔ ፎቶ፤ ግርጌው ላይ ዘጠነኛው ቀን ተጽፎበታል። እንግዲህ በእርስዎ እጅ እያለ ነው የተቀደደው ተባለ።

አለቃው ወደ እኔ ዞሮ «ቀኑ ትክክል ነው?» ሲለኝ፣ አፌን ሞልቼ «ካሜራ አይዋሽም» አልኩ። «እስቲ ላጣራ» ማለት ምን ይከብደኝ ነበር? እርስዎ ቦርሳዎን አንስተው ወጡ፤ እኔ ወደ ምሳዬ ሄድኩ።

ያን ሐሙስ ፎቶውን ከኮምፒውተሩ አውጥቼ አጎላሁት። ፋይሉ ውስጥ ያለው በጥቁርና ነጭ የታተመ ትንሽ ወረቀት ስለነበር፣ በግራ ጥጉ ያለውን ነገር ሁላችንም ጥላ ነው ብለን አልፈነዋል። ጥላ አይደለም። እጅ ነው። ካርታው እንዳይጠቀለል ጠርዙን ተጭኖ የያዘ እጅ፤ ትንሿ ጣት ላይ ያ ሰፊ የብር ቀለበት። ሽማግሌው ክፍሉን ባስረከበ ማግስት ወደ ልጁ አገር ሄዶ አልተመለሰም። በዘጠነኛው ቀን እጁ ብቻውን መጥቶ ካርታ ሊይዝልኝ አይችልም! በሁለተኛው ቀን ነው ያነሳሁት፤ ያን ጊዜም ባትሪዋ ሞታ ቀኑን ስሞላ በጥድፊያ ዘጠኝ አድርጌዋለሁ። በዚያ ሰሞን በየቀኑ ብዙ ካርታ ስለማነሳ የትኛውን ማን እንደያዘልኝ ረስቼው ነበር።

ሽማግሌው ጋ ደወልኩ። «አዎ ልጄ፣ መስኮት ስከፍት ነፋስ ነው የቀደደው። ስናነሳውም ተቀዶ ነበር። በርክክቡ ላይ ላሰፍረው ብዬ ዘንግቼው ወጣሁ። ምነው፣ ችግር ተፈጠረ እንዴ?» አለኝ። የሆነውን ነገርኩት። «እኔ ጡረታዬን እየበላሁ እሷ ከሥራ ወጣች?» አለ። በማግስቱ ቃሉን ጽፎ፣ ፈርሞ ላከልኝ።

አለቃችን ግን «ያለቀ ጉዳይ ነው፤ የተኛ ነገር አትቀስቅሺ» አለኝ። አልተከራከርኩም። እፊቱ ባትሪዋን አወጣሁ፣ መለስኩ፣ ቀኑን ሃያ ዓመት ወደፊት ገፋሁና እሱን አነሳሁት። «ይኸው፣ ከሃያ ዓመት በኋላም እዚሁ ወንበር ላይ ነዎት» ብዬ አሳየሁት። ጸሐፊዋ ሳቋ አላስችል ብሏት ወጣች። እሱ አልሳቀም። ፎቶውን አየ፣ የሽማግሌውን ወረቀት ሁለቴ አነበበ፣ መነጽሩን አወለቀ። «ፋይሉን አምጪው» አለኝ።

ትናንት ኮሚቴው ውሳኔውን ሽሯል። ወደ ቦታዎ የሚመልስዎ ደብዳቤ ተፈርሞ በእጄ ነው። እኔም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል፤ ሲያንሰኝ ነው። ያለፈውን ሰባት ወር ግን የሚመልስ ማኅተም አልተሠራም።

አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። ያን ቀን ከመውጣትዎ በፊት ፎቶውን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ለረጅም ጊዜ አይተውት ነበር። ከእኛ ሁሉ የሰላ ዓይን ያለዎት እርስዎ ነዎት። ቀለበቱን ለይተውት ነበር? ለይተውት ከሆነስ፣ ለማን ብለው ዝም አሉ? ለሽማግሌው ጡረታ ወይስ ለእኔ ሥራ?

ቅዳሜ ጠዋት ደብዳቤውን ይዤ እመጣለሁ። ይቅርታዬን እዚያው በርዎ ላይ እላለሁ፤ ቢቆጡኝም ቆሜ እሰማለሁ። መልሱን ሳልሰማ ግን ከደጃፍዎ አልነቃነቅም።

በድላም የምትወድዎት
ባልደረባዎ