አራተኛው ትራክ

ጥቅምት 9፣ ጧት 3፡00

የመቅጃ ማሽኗን ሄድ፣ ክሩን የሚያነበውን ብረት፣ በጥጥና በአልኮል ጠረግሁ። ጥጡ ቡኒ ሆኖ ወጣ። ከአያ ፈንቴ ጆንያ ያወጣኋት ካሴት ክሯ ይረግፋል፤ ድምጿ ግን አንደኛ ነው። ከአራቱ ትራክ፣ ከአራቱ የድምፅ መስመር፣ ሦስቱን ሞልቻለሁ። አንደኛው የቡሬ ወፍጮ ቀበቶ፣ በግማሽ ፍጥነት። ሁለተኛው የመሰንቆ ደጋን ቆርቆሮ ላይ ሲታሽ። ሦስተኛው ትራንስፎርመር ሲያጓራ። ዜማ የለ፣ ምት የለ። ውዴ፣ ባለቤቴ፣ ሙዚቃው መቼ ነው የሚጀምረው ትላለች። ጀምሯል ስላት ትስቃለች። ትሳቅ።

ደብተሬ፣ አዲስ ካሴት ፍኖተ ሰላም ውስጥ ፈልገህ አታገኝም። ሰው የጣለውን ለቅሜ በላዩ ላይ እቀዳለሁ። አያ ፈንቴ የቡሬ ዙሪያ ገበሬ ናቸው፤ ራዲዮናቸውን ሁልጊዜ የምጠግነው እኔ ነኝ። ቴፓቸው ሞቶ ስለቀረ ጆንያ ሙሉ ካሴት ውሰደው ብለው ሰጡኝ። የዚህችን ፊት ትንሽ ሰምቻለሁ፤ ከራዲዮ የተቀዳ፣ የተንሻፈፈ ዘፈን። አላሳዘነኝም፤ ቀዳሁባት።

9፡00 ሰዓት። አራተኛው ላይ የጋሪ ፈረስ ቃጭል ጀመርኩ፤ ትናንት ዋናው መንገድ ዳር በትንሿ ቴፕ የያዝኩትን። አራት ደቂቃ እንደሄደ መብራት ጠፋ። ኤጭ!

ጥቅምት 11

መብራት መጣ። ከመጀመሪያው አጫወትኩ። ቃጭሉ አራት ደቂቃ ሄዶ ተቆረጠ፤ ከዚያ እዚያው ትራክ ላይ እኔ ያልቀዳሁት ነገር ገባ። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ወደኋላ የሚንጫጫ። ወፍ ነው እንዴ? ወይ ጉድ!

ቆይቶ ገባኝ። ቴክኒክ ትምህርት ቤት ለተማሪዎቼ የማስተምረው ነገር እኮ ነው። ተራ ቴፕ የካሴቱን ሁለት ፊት ለየብቻ ያነባል፤ ይህች ማሽን ግን ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ትይዛለች፣ በእጥፍ ፍጥነት። ሦስተኛና አራተኛ ትራክ የምላቸው የጀርባው ፊት ናቸው፣ ተገልብጠው። ሰው ነው የሚያወራው።

እንዳለ ይቀመጥ። እስከ ዛሬ ከሠራሁት ሁሉ እሱ ይበልጣል። ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ጥቅምት 12፣ ከቅዳሴ መልስ

አላስቻለኝም። ገልብጬ በተራ ቴፕ ከፈትኳት። በቀኝ ጆሮዬ የእኔ ትራንስፎርመር፤ በግራዬ አንዲት ሴት። ያረጀ ድምፅ። ደብዳቤ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ያኔ ለራቀ ዘመዱ በካሴት ይናገር ነበር። ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ለሄደ ልጇ ነው የምትናገረው። ላሟ ወልዳለች። ቤቱ ተከድኗል። ብርድ ልብሱን እንዳትሸጠው። አማርኛው ሲያጥራት በአዊኛ ትሞላለች። ፈንቴ ልጄ፣ ትላለች።

ፈንቴ!

መጨረሻ ላይ ወሬዬ አለቀ፣ አሁን ተነሥ፣ ባርኔጣህን አውልቅና ልመርቅህ አለች። ከዚያ ቃጭል። የእኔ የፈረስ ቃጭል፣ ክሩ እስኪያልቅ።

የጀርባው መጨረሻ የፊቱ መጀመሪያ ነው። በእጥፍ ፍጥነት ደግሞ የእኔ አራት ደቂቃ የእሷን ስምንት ይበላል። ይህንንም አስተምራለሁ። ደነዝ!

ጥቅምት 15

አያ ፈንቴ ደወሉ። ለመድኃኔዓለም፣ በ27፣ የእናታቸው የሰባት ዓመት ተዝካር ነው። ሣጥን ውስጥ የነበረች ካሴት በስሕተት ከጆንያው ገብታለች፤ ወረቀቷ ላይ መስቀል አለባት። ልጆቻቸው የአያታቸውን ድምፅ በቅጡ አያስታውሱም። ካህናቱ ጸሎቱን ሲጨርሱ በተዋሱት ቴፕ ምርቃቷን ለሕዝቡ ሊያሰሙ ነው። አለችህ አይደል ልጄ አሉኝ። እስቲ ልፈልግ አልኩ።

ያቺን ወረቀት ልጬ ጥያታለሁ። አሁን በእጄ ጽሑፍ «ወፍጮ 3» የሚል አለባት።

ጥቅምት 17

ውሸቱ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ክሩ አርጅቶ ድምፁ ጠፋ። በቃ። ያምኑኛል፤ ቴፓቸው አይድንም ስላቸው አምነው አልነበር? ማንም አይጠይቀኝም።

ምሳውን ትቼ ተነሣሁ። ውዴ ምን ሆንክ ብትል ዘረገፍኩላት። ዛሬ አልሳቀችም። ራስህ ሄደህ ንገራቸው፣ በስልክ ብታደርገው ግን አፍርብሃለሁ አለች። ተናደድኩባት። ልክ ስለሆነች ነው የተናደድኩት።

ጥቅምት 20

ሚኒባስ እስከ ቡሬ፣ ከዚያ ባጃጅ፣ ከዚያ በእግር። ማሽኗ በፎጣ ተጠቅልላ ጭኔ ላይ። አያ ፈንቴ ደጃቸው ላይ ማጭድ ይስላሉ። ሳልቀመጥ ነገርኳቸው፤ ብቀመጥ አልናገረውም ነበር።

ማጭዱን አስቀምጠው ስጠኝ አሉ። ካሴቷን ገልብጬ ፍጥነቷን ወደ ተራው መለስኩ፤ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ሰሙ። ስለ ብርድ ልብሱ ስትናገር ሳቁ፤ ለካ ሸጠውታል። ከዚያ ቃጭሉ ደረሰ። በገዛ እጃቸው ማዳመጫውን አወለቁ። ስንት ነው የጠፋው? ስምንት ደቂቃ። ተነሥተው ወደ ከብቶቻቸው ሄዱ። ባለቤታቸው እህል አቀረቡልኝ።

ቆይተው ተመለሱና፣ «በእናቴ ላይ ፈረስ ነዳህባት» አሉኝ።

ይቅር ይበሉኝ አልኩ። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉም። ማሽንህ አሁን መቅዳት ትችላለች ወይ ብለው ጠየቁ። ምርቃቷን ቃል በቃል ያውቁታል፤ ሁመራ ሁለት ዓመት በየእሑዱ ሰምተውታል። የማይኩን ገመድ ሰካሁ። ካሴቷን ወደኋላ መልሼ ከ«ልመርቅህ» ቀጥሎ አቆምኳት። ከዚያ ወዲያ ሲቀዳበት ቃጭሌም ትራንስፎርመሬም ይጠፋሉ። ይጥፉ።

ማይኩ ፊት ተቀመጡ። ቀዩ መብራት በራ። አፋቸውን ከፈቱ፣ ቃል የለም። እንደገና። የለም። እናት ለልጇ የምታወርደውን ለራሴ ላውርድ? ወይስ ለዚህ ብረት? አሉ። ልጆቻቸው ማሳ ናቸው፤ ቤት ያለሁት እኔ ነኝ። አዩኝ። ብዙ አዩኝ። ከዚያ ተነሥ አሉኝ።

ቆቤን አውልቄ ጎንበስ አልኩ። በእናታቸው ቃል መረቁኝ። ግማሹ አዊኛ ነው፣ አልገባኝም። እህልህ አይንቀዝ፣ መንገድህ አይክፋ፣ ስትርቅ የሚያስጠጋህ አትጣ። ምርቃት ያለ አሜን አይሄድም፤ በየመሐሉ አሜን አልኩ። ድምፄ ተሰበረ። የድምፁን ልክ የምታሳየውን መርፌ ማየት ነበረብኝ፤ አላየኋትም።

ሲጨርሱ ካሴቷን አውጥተው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሯት። በፊቷ የወር ሥራዬ አለ፣ ወፍጮውም መሰንቆውም። መጀመሪያ ወደ ሌላ ካሴት ልቅዳው አላልኩም። ለ27 ና አሉኝ፣ ፊታቸውን አዙረው።

ጥቅምት 26

ውዴ ነጭ ነጠላዋን አጥባ አስጥታለች፤ አብራኝ ናት። ስሄድ ልሰወር፣ ኋላ ልቀመጥ ብዬ ነበር። ግን ነገ ሕዝቡ በሙሉ ይሰማል፤ መጀመሪያ እናቲቱን፣ ቀጥሎ ልጅዋን፣ በመሐል የሚንቀጠቀጥ አሜን። ይህ አሜን የማን ነው ማለታቸው አይቀርም። አያ ፈንቴ እንደማይናገሩብኝ አውቃለሁ።

እኔ ተነሥቼ እነግራቸዋለሁ።