መውጫ የሌለው ባሕረ ሰላጤ

ሚያዝያ 24
ዓሣ ስዘለዝል ዋልኩ። ባሌ ኩብሉ የበረዶ ጋሪ የሚጎትቱትን ውሾች ማሰሪያ ጠገነ። ነገ ሁለት እንግሊዞች ይዞ ወደ ባሕረ ሰላጤው ጫፍ ይሄዳል። የዚያን የጥንት ካፒቴን መቃብር ሊፈልጉ። ካፒቴኑ ወደ ሌላ ባሕር መተላለፊያ አገኘሁ ብሎ መርከቡን አስገባ፤ ጫፉ ግን ገደል። በረዶው ከኋላው ዘጋበት፣ ከነሰዎቹ በረሃብ አለቀ። ካርታቸው ላይ ቦታው በስሙ ይጠራል። እኛ "መውጫ የለሹ" ነው የምንለው።
"ለሞተ ሰው ይሄ ሁሉ መንገድ?" አልኩት።
"አንቺም ብትጠፊ እፈልግሻለሁ።"
"መጀመሪያ መነጽርህን ፈልግ!"
እየሳቀ ተኛ።

ሚያዝያ 29
ሞቃት ነፋስ። በዚህ ወር? የባሕሩ በረዶ ሲሰነጠቅ እዚህ ድረስ ይሰማል።

ግንቦት 2
ሄሊኮፕተሩ እንግሊዞቹን አመጣ። እነሱን ብቻ።
ከሁለቱ ሽማግሌው እጄን ይዞ አለቀሰ። ኩብሉ እነሱን ወደ ዳር አሻግሮ ውሾቹን ሊያመጣ ተመለሰ... የቆመበት በረዶ ተገንጥሎ ነፋሱ ወሰደው።
"እጁን አወዛወዘልን" አለኝ።
ለምን ነገረኝ?

ግንቦት 9
ፍለጋው ቆመ። አንድ ውሻ አግኝተዋል። የሞተ።

ግንቦት 17
የኩብሉ እህት ኢቫሉ ወንድ ወለደች። የሟች ስም ለተወለደ ካልተሰጠ ሟቹ መንገድ ላይ ይቀራል። ታውቃለች። አውቃለሁ።
"ሚቲክ፣ ፈቃድሽን ነው የምጠብቀው" አለችኝ።
"አልሞተም።"
"ወንድሜ እኮ ነው! ያንቺ ብቻ መሰለሽ?"
በሩን ዘጋሁባት።

ግንቦት 21
ሽማግሌው እንግሊዝ ከአገሩ ደወለ። ካርታው ላይ አንዱን ጉብታ በኩብሉ ስም ሊያስጠራ። "አመሰግናለሁ" አልኩት። ስልኩን ዘጋሁ። ከካፒቴኑ ጎን ሊቀብሩልኝ...

ግንቦት 28
ሕፃኑ ጡት አልይዝ አለ። ሲያለቅስ ይውላል። ስሙን እየጠየቀ ነው ይላሉ። አላምንም። አምናለሁ። እኔ እንጃ...

ግንቦት 29
ኢቫሉ ቤት ሄድኩ። ሕፃኑን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ከስቷል፤ ጣቶቹ እንደ ወፍ እግር። መስኮቱ ባሕሩን ያሳያል፣ ቀና አላልኩም።
"ኩብሉ" አልኩት።
ኢቫሉ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። "ወንድሜ" አለችው፣ "ወንድሜ፣ መጣህ?"
ማታ ጡት ያዘ።
ባሌ ዛሬ ሞተ።