በቦኖው ላይ የለጠፍኩት ዓረፍተ ነገር

ለተከበሩት ታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ይህ ወረቀት መንገድ ላይ በሚቆይበት ጊዜ ሁሉ ጤናዎ እንደማይጓደል ተስፋ በማድረግ፣ ከወንበሬ ተነሥቼ እጅ እነሣለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ደረጃውን ብቻዎን መውጣት ጀመሩ ወይስ አሁንም የልጅዎን ትከሻ ይዘው ነው? ሞራው የተገፈፈው ዓይንዎስ ደቃቅ ፊደል ያነባል? ይህን የምጠይቀው ለወግ ያህል አይደለም፤ ጽሕፈቴን ከፍ ላድርገው ወይስ እንደ ቀድሞው ላድቅቀው የሚለውን ለመወሰን ነው። ለጥንቃቄ ከፍ አድርጌዋለሁ። እኔ ከናፍቆትና ከወገብ ሕመም በቀር ደህና ነኝ።

እትዬ፣ «ክፍልህ ተጠርጎ፣ አልጋህ ተነጥፎ ይጠብቅሃል፤ በዚህ ወር መጨረሻ ካልመጣህ እህት አለችኝ እንዳትል» ብለው የላኩልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። አራት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስቱን ለደስታ፣ አራተኛውን ለኀፍረት። በዚህ ወር መጨረሻ አልመጣም። ምክንያቱን ሳላስረዳ እንዲህ ማለት ነውር ስለሆነ፣ ትዕግሥትዎን አይንፈጉኝና ነገሩን ከመነሻው ልንገርዎ።

ባለቤቴ ካረፈች ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። ልጄም በሥራው ምክንያት ወደ ሌላ ከተማ ከተዛወረ ወዲህ በዚህ በሁለተኛው ፎቅ ክፍል ብቻዬን ነኝ። እሑድ እሑድ ይደውልና «አባዬ፣ በልተዋል?» ይለኛል። በልቻለሁ እላለሁ፤ ከዚያ ስልኩን እንዘጋለን። አርባ ዓመት የሰው ጽሑፍ ሳርም የኖርኩ ነኝና፣ የሚታረም ሲጠፋ የመድኃኒት ብልቃጥና የሳሙና ማሸጊያ ላይ ያለውን ማረም ጀመርኩ። አንድ ማለዳ ዳቦ ሻጩን ደህና አደርክ ልለው አፌን ብከፍት ድምፄ እንቢ አለኝ። ለካ ሦስት ቀን ሙሉ ቃል አልተነፈስኩም ኖሯል። ሰውየው «ጋሼ፣ ጉንፋን ያዘዎት እንዴ?» ሲለኝ፣ አዎ አልኩት።

በዚህ መካከል ነው ከሰፈራችን በታች፣ በአንድ አሮጌ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ የውሃ ምርመራ ላቦራቶሪ የምትመራ ሴት በሬን ያንኳኳችው። የእኛው አገር ሰዎች ልጅ ናት፤ የተወለደችው ግን እዚህ በሰው አገር ነው። ቋንቋችንን እንደ ውሃ ትጠጣዋለች፤ ብዕር ስትይዝ ግን ትንተባተባለች። «ጋሼ፣ የዚህ ሰፈር ሰው የሚያነበው በእኛ ቋንቋ ነው፤ እኔ ከጻፍኩት ደግሞ ሰው ሲስቅብኝ ይውላል» አለችኝ። የሰፈሩ ሰው የሚቀዳው የቦኖ ውሃ ምርመራ ላይ ስለነበር፣ ለመጠጥ የሚሆነውን በየጠዋቱ ቦቴ መኪና ያመላልስ ነበር። እርሷም የምርመራውን ውጤት የሚገልጽ ማስታወቂያ እንዳዘጋጅላት ፈልጋ ነው የመጣችው። ያላየሁትን አልጽፍም አልኳትና አብሬያት ወረድኩ።

ግድግዳውን ተከትለው በተደረደሩ የመስታወት ገንዳዎች ውስጥ ትንንሽ ዓሦችና ጅራታቸው ያልጠፋ የእንቁራሪት ልጆች ይዋኛሉ። ነገሩን እንዲህ አስረዳችኝ። በሰውነታችን ውስጥ ሆርሞን የሚባሉ መልእክተኞች አሉ፤ እደግ፣ ተለወጥ፣ ውለድ የሚለውን ትእዛዝ ከዕጢዎች ወደየአካላቱ ያደርሳሉ። ከእርሻ መድኃኒት፣ ከፋብሪካ ፍሳሽ፣ ከፕላስቲክ የሚወጡ አንዳንድ ኬሚካሎች ደግሞ ወደ ውሃ ይገቡና ወይ መልእክተኛውን መስለው የሐሰት ትእዛዝ ያደርሳሉ፣ ወይ እውነተኛውን መንገድ ላይ ያስቀሩታል። ውሃው ግን እንደ ጠራ ነው፤ አይሸትም፣ አይመርም። «መሣሪያው ፈልግ ያልነውን ብቻ ነው የሚፈልገው፤ እነዚህ ግን ያልጠየቅናቸውንም ይነግሩናል» አለችኝ ወደ ገንዳዎቹ እያመለከተች። ውሃው የሴቴ ሆርሞን የሚመስል ነገር ካለበት፣ ወንዱ ዓሣ እንቁላል ሳይኖረው በደሙ ውስጥ የአስኳል ቅመም ማዘጋጀት ይጀምራል። በአንገት ላይ ያለውን ዕጢ ሥራ የሚያውክ ነገር ካለበት ደግሞ፣ የእንቁራሪቱ ልጅ እግር የሚያወጣበትና ጅራቱን የሚያጣበት ቀን ይዛባል። ያ ዕጢ በእኛም አንገት ውስጥ አለ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ጠዋት ወደዚያ መውረድ ልማዴ ሆነ። ወንበር ሰጡኝ፤ ጅራታሞቹን እየቆጠርኩ እንድመዘግብም ወረቀት ሰጡኝ። ዓሣ መጋቢው፣ ቀልደኛ ሰው ነው፣ «ጋሼ፣ ስም እንዳያወጡላቸው፤ ኋላ ለመለየት ይቸገራሉ» ይለኛል። እውነቱን ልንገርዎት፣ ለሁለቱ አውጥቼላቸው ነበር። ወደ መስታወቱ ስቀርብ ወደ እኔ የሚመጡ ይመስለኝ ነበር፤ ምግብ የለመዱ ፍጥረቶች ወደ ማንም ጥላ እንደሚመጡ ያወቅሁት በኋላ ነው።

የዓሦቹ ምርመራ ቀድሞ አለቀ። ተመራማሪዋ የሰጠችኝ ቃል «በዓሦቹ ላይ እስካሁን ጉዳት አልታየም፤ የእንቁራሪቶቹ ምርመራ እስኪያልቅ ግን ለመጠጥ የቦቴውን ውሃ ተጠቀሙ» የሚል ነበር። እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው፣ እትዬ? ዓረፍተ ነገሩ አነከሰብኝ። «እስካሁን» የምትለዋ ቃል ጉሮሮ ላይ የምትሰነቀር መሰለችኝ። ስለዚህ ከላይ በትልቁ ጽሕፈት፣ ብቻዋን መሀል ላይ አድርጌ፣ «ውሃው ጉዳት የለበትም» ብዬ ጻፍኩ። የቦቴውን ነገር ከታች በደቃቁ አሰፈርኩት። ተመራማሪዋ ቀስ ብላ አነበበችና «ጋሼ፣ ‹አልታየም› እና ‹የለበትም› አንድ ናቸው አይደል?» አለችኝ። «አንድ ናቸው ልጄ፤ ቋንቋችን ቁጥብ ነው» አልኳት። ያን ሁሉ ዘመን ጽሑፌን በጽሕፈት መኪናዎ ሲመቱልኝ የኖሩት እርስዎ ቢሆኑ ኖሮ፣ እጅዎን ከመኪናው ላይ አንሥተው «ይህን አልመታም» ይሉኝ ነበር።

ማስታወቂያው በተለጠፈ ማግስት ሰው የቦቴውን ሰልፍ ትቶ ወደ ቦኖው ተመለሰ። እኔንም በመንገድ ላይ ያወቀኝ ሁሉ ቆብ እያነሣ ሰላምታ ይሰጠኝ ጀመር። ፀጉር አስተካካዩ በሩ ላይ ቆሞ «ይኸው፣ የውሃችን አባት» ሲል ጮክ ብሎ ይጠራኛል። ባለሱቋ ወንበር ታወጣልኛለች። ዘጠኝ ቀን እንዲህ ሆንኩ። እውነቱን ላልሰውርዎ፤ ቃሏን ያሳጠርኳት ለውበት ብቻ አልነበረም። ለዚህ ሰፈር ደስ የሚል ወሬ የማደርስ ሰው መሆን ፈልጌ ነው።

በአሥረኛው ቀን ተመራማሪዋ ከሁለት ገንዳዎች ፊት አቆመችኝ። በንጹሑ ውሃ ያሉት አራት እግር አውጥተው፣ ጅራታቸው አጥሮ ድንጋዩ ላይ ወጥተዋል። በቦኖው ውሃ ያሉት ግን ሰፍተው፣ ወፍረው፣ ከነጅራታቸው ይዋኛሉ። «እነዚህ አደጉ እንጂ አልተለወጡም፣ ጋሼ» አለችኝ። እኔ በየጠዋቱ ስቆጥራቸው ቁጥራቸው ስላልጎደለ ደህና ናቸው ብዬ ነበር። ከዚያም «ለመሆኑ ከቦኖው የጠጣ ሰው አለ እንዴ? ቦቴውን ተጠቀሙ ብለን አልነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ያን ጊዜ በትልቁ የጻፍኩትን ጮክ ብዬ አነበብኩላት። አልተቆጣችም። ወረቀቷን ሰበሰበችና ቦኖውን ለማዘጋት ወጣች፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከእኔ ክፍል ሥር፣ በሕንፃችን ምድር ቤት፣ አንዲት ልብስ አጣቢ ትኖራለች። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ባሏ ሩቅ ቦታ ሥራ ላይ ነው። ያ የአንገት ዕጢ የሚያዘው የእናትን ሰውነት ብቻ ሳይሆን የፅንሱንም የአእምሮ እድገት መሆኑን ተመራማሪዋ ነግራኝ ስለነበር፣ መጀመሪያ ወደ እርሷ ወረድኩ። እጇ ሳሙና ነበር። ዘጠኝ ቀን ከቦኖው መጠጣቷን አረጋገጠችልኝና፣ ስሕተቱ የእኔ መሆኑን ስነግራት ልብሱን መጭመቋን ሳታቋርጥ እንዲህ አለችኝ፤ «አባባ፣ እርስዎ እኮ የሳሙና ማሸጊያ እንኳ ሲሳሳት ያርማሉ። የእኔ ውሃ ላይ ሲደርስ ነው የሚሳሳቱት? እኔ ማንበብ አልችልም፤ የጠጣሁት ጽሑፉን አምኜ አይደለም፣ እርስዎ ናቸው የጻፉት ሲሉኝ ነው።»

አዲሱን ማስታወቂያ በተሰጠኝ ቃል፣ ምንም ሳልቀንስ ጻፍኩ፤ የቀድሞውን ያጣመምኩት እኔ መሆኔንም ከሥሩ አሰፈርኩ። ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ ሰባት ጠዋት በተዘጋው ቦኖ አጠገብ ቆሜ አነበብኩላቸው። ፀጉር አስተካካዩ አሁን ሲያየኝ ወደ መስታወቱ ይዞራል። ባለሱቋ ወንበሯን አስገብታለች። አልፈርድባቸውም። ከጆሮዬ የማይጠፋው ግን ዝምታው ነው፤ ከዘጠኙ ቀን በኋላ የመጣው ዝምታ ከፊተኛው ይከብዳል።

ልብስ አጣቢዋን ሐኪም ቤት ወስጄያት ደሟ ተመረመረ። ሐኪሙ የዘጠኝ ቀን መጠጥ ብዙ ጉዳት ላያደርስ ይችላል፣ ነገር ግን በየወሩ እንይ አለ። ውጤቱ የመጣ ቀን ደረጃውን እያረፈች ወጥታ ክፍሌ ገባች። ወረቀቱን ዘረጋችልኝና «‹ችግር አልታየም› ይላል አሉኝ። እንግዲህ እርስዎ ይንገሩኝ፤ የለም ማለት ነው?» አለችኝ። እትዬ፣ በሕይወቴ አዎ ለማለት የዚያን ቀን ያህል የጓጓሁበት ጊዜ የለም። «አይደለም ልጄ» አልኳት፤ «እስካሁን ባዩት ደህና ነው ማለት ነው። በሚመጣው ወር ደግሞ ያያሉ።» የባለቤቴ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ «እንግዲያው በሚመጣውም ወር የሚያነቡልኝ እርስዎ ነዎት» አለችና ወረቀቷን አጥፋ ወረደች። ደህና ይዋሉም አላለችኝ።

እንግዲህ የማልመጣው ለዚህ ነው። ልጇ ተወልዶ፣ ሐኪሞቹ አንገቱን ዳስሰው፣ ደሙንም አይተው የሚሰጡትን ወረቀት ቃል ሳላስቀር ሳላነብላት ከዚህ አልነሣም። ደግ ውጤት ይሁን ክፉ አላውቅም። ይቅር ትለኛለች ብዬም አልጠብቅም። ልጄ «አባዬ፣ ከእኔ ጋር ይኑሩ» ብሎ ቢለምነኝ ለእርሱም ይህንኑ መለስኩለት።

ልጅዎን በጣም ይሳሙልኝ፤ ደረጃ ስለምታወጣዎት ባለ ውለታዬ ናት። ለባሏ፣ ለልብስ ሰፊው፣ የላከልኝ ካፖርት እጅጌው ልክ መሆኑን ይንገሩልኝ። ከጓሮ ለምትኖረዋ ተከራያችሁ መምህርት አክብሮቴን ያቅርቡልኝ። ዳማ ተጫዋቹ ጎረቤታችን ደግሞ ጨዋታውን እኔ ሳልኖር አሸነፍኩ ብሎ እንዳያወራ አደራ። እርስዎን፣ እትዬ፣ ጉልበትዎን ስሜ እሰናበታለሁ። ያነጠፉልኝን አልጋ ሌላ ሰው ይተኛበት፤ ባዶውን አያቆዩት።

ታናሽ ወንድምዎ

ከሁለተኛው ፎቅ ክፍሌ፣ ኅዳር ፱ ቀን ተጻፈ።