ጫጫታ ያልኸው ድምፅ

ብሩክ፣

ወደ ደቅ ደሴት ሄጃለሁ። እህቴ እናትዓለም ሊነጋ ሲል አርፋለች። በጧቱ ጀልባ ለቀብሯ እደርሳለሁ።

ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቀህ ብላ። ውኃ ከመጣ በርሜሉን ሙላ።

ትናንት እኔ ቅዳሴ ላይ ሳለሁ፣ አንተ የኮምፒውተሩን ገጽ እያሳየህ የምታስተምርበትን ቪዲዮ ትቀርጽ ነበር። ድምፅ እንዳይገባብህ በሩን ቆልፈህ፣ ጆሮህን በማዳመጫ እንደምትደፍን አውቃለሁ። ማታ የቀረጽኸውን ስታሳየኝ፣ ቀስቷ በገጹ ላይ እየሄደች አንተ «ፋይሉን እዚህ ጋ አስቀምጡት» ስትል፣ ከድምፅህ ሥር በር ይንኳኳል፣ የሴት ድምፅም ይሰማል።

«ጋሼ፣ ይቺን ጫጫታ እቆርጣታለሁ» ብለህ ሳቅህ።

እኔ ደንቆሮ ብዬህ ወጣሁ። እንዲያ ልልህ አይገባም ነበር። የማን ድምፅ እንደሆነ ግን አልነገርሁህም።

«ገድሉ፣ ወንድምዬ፣ እኔ ነኝ፣ ክፈትልኝ» የምትለው እናትዓለም ናት። ታማ፣ ሐኪም ቤት እንድወስዳት መጥታ ኖሯል። የሚከፍትላት ስታጣ በመጣችበት ጀልባ ተመልሳለች። ማታ ወደ ደሴቱ ስደውል ይህን ነገሩኝ፤ እሷ ግን ተኝታለች አሉኝ።

የሰፈሩ ሰው ለለቅሶ ይመጣል። የምትቀርጸው ቢኖርም በሩን አትቆልፍ። አግዳሚውን ወደ ደጅ አውጣው።

ከቀረጽኸው ውስጥ የእሷ ድምፅ ያለበትን ቦታ ገና ካልቆረጥኸው እንዳትነካው። ስመለስ ታሰማኛለህ።

ቆርጠኸው እንደሆነ ግን፣ እኔ እስክጠይቅህ አትንገረኝ።

ገድሉ