የቬስፓህ ማርሽ በእጄ ገባ

ውቤ፣ የልቤ ሰው፣

አንተ ካረፍክ ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ የምነግርህ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ለቅሶ ብቻ ልልክልህ አፍሬ ነው። ዛሬ ግን ወሬ አለኝ፣ ያውም የድል ወሬ። ቬስፓህን ከቢቸና ሞጣ ድረስ ነዳኋት። እኔ! ብቻዬን! ማርሽ መቀየር ያቃታት፣ የጭድ ክምር ውስጥ የገባችው ሚስትህ!

ቤቱ ደህና ነው። የስፌት መኪናዬን አንተ የተማሪ ፈተና ታርምበት ወደነበረው መስኮት አዛውሬዋለሁ። ብርሃኑ እንዴት ጥሩ ነው! ይህን ሁሉ ዓመት ለብቻህ መያዝህ ሳያንስ እኔን ጥግ ላይ አስቀምጠህ «ዓይንሽን አትጨርሺ» ትለኝ ነበር። ቬስፓዋ ግን ጓሮ ሸራ ለብሳ ቆማ ነበር። አልፎ አልፎ አቧራዋን ጠርጌ መልሼ እሸፍናታለሁ፤ ከዚያ በላይ አልደፈርኩም።

በፋሲካ ማግስት ታላቅ ወንድምህ ጋሽ አለሙ ከሞጣ መጡ። ደጀን ላይ ማደሪያ ቤት የከፈተ አንድ ሰው አሮጌ ቬስፓ በሩ ላይ ለጌጥ ሊያቆም ይፈልጋል አሉኝ። «ለማንም ሳትሆን ከምትዝግ ትሂድ እንጂ። አንቺ እንደሆን አትነጂያትም» አሉ። ክፋት የለባቸውም፣ ታውቃቸዋለህ። እኔ ግን ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት የምትሄድባት፣ ከተጋባን ጀምሮ እኔን ገበያ ያመላለስክባት ቬስፓ ሰው በር ላይ አበባ ተሰክቶባት ስትቆም ታየኝና ደሜ ፈላ። «ሞጣ ድረስ ነድቼ ደጅዎ ላይ ካላቆምኳት ይሽጧት!» አልኩ። ሳቁብኝ። «ይህን ካደረግሽማ እኔ ራሴ አጥቤ አስረክብሻለሁ» አሉ። ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል።

የደነገጥኩት ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ያ የግራ እጀታ ትዝ አለኝ። ማርሹ የሚለወጠው ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀውን ፍሪሲዮን ጨብጦ እጀታውን በማዞር ነው፤ አንተ በጉልበትህ ታዞረው ነበር፣ ለእኔ ግን ንቅንቅ አይልም ነበር። የቀኙ ደግሞ ባሰ። ቤንዚን ለመስጠት ሲያዞሩት ይሄዳል፣ ሲለቁት በራሱ አይመለስም። ከጭድ ክምሩ ጋር ያገናኘኝ እሱ ነው። አንተም ጭዱን ከፀጉሬ እየለቀምክ «እጅሽ ፈርቶ ነው» አልከኝ፤ እኔም አመንኩህ። ይህን ሁሉ ዓመት እጄ ደካማ ነው ብዬ ኖርኩ።

በማግስቱ መፍቻዎችህን አውጥቼ መሪዋን ፈታሁ። ከእጀታው እስከ ሞተሩ የሚወርዱትን ሽቦዎች ከልባሳቸው ልስብ ብል እምቢ አሉ። በጉጠት ይዤ ስጎትት እንደ ሙጫ የደረቀ ቢጫ ነገር ተከትሎ ወጣ። አሸተትኩት። ውቤ፣ ኑግ ነው! በየዓመቱ መስቀል ሲደርስ እኔን አትጠጊ ብለህ ከዚያች ትንሽ ጠርሙስ የምታጠጣት «የራሴ ቅመም» የጾም ወጥ ዘይት ኖሯል! ሰበቃን ለቢቸና ልጅ ሁሉ ያስተማርክ የፊዚክስ መምህር! ኑግ ሲቆይ ሙጫ እንደሚሆን እኮ ማንም ልብስ ሰፊ ያውቃል። ብትጠይቀኝ የስፌት መኪናዬን ዘይት በሰጠሁህ። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ እስኪያስለኝ ሳቅኩ። ካንተ ወዲህ እንዲህ ስቄ አላውቅም። ስጨርስ ደግሞ ተናደድኩብህ፣ እውነቱን ልንገርህ። እጄ ደህና ነበር እኮ።

አዲስ ሽቦና ልባስ ሞጣ ካሉት የመለዋወጫ ነጋዴ ከሐጂ ሰይድ በአውቶቡስ አስመጣሁ። «አይዞሽ ልጄ፣ መታጠፊያው ላይ ሽቦውን ሰፋ አድርገሽ አዙሪው፤ ከታነቀ ይይዝሻል» እያሉ በስልክ መሩኝ። እጀታዎቹ የሚዞሩበትን ቧንቧ በቤንዚን አጥቤ ግራሶ ቀባሁት። መጀመሪያ ሁለቱን የማርሽ ሽቦዎች አቀያይሬ ገጥሜያቸው አንደኛ ብዬ ሳዞር አራተኛ ገባ፤ ሞተሩ እንቅ ብሎ ጠፋ። ፈትቼ እንደገና ገጠምኩ። በሦስተኛው ቀን ግራውን በሁለት ጣት አዞርኩት፣ ቀጭ ብሎ ገባ። ቀኙን አዙሬ ለቀቅሁት፣ በራሱ ተመለሰ። ጓሮ ውስጥ ብቻዬን እልል አልኩ፤ ጎረቤቶቼ ምን እንዳሉ አልጠየቅኩም።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ከተማው ዳር ተለማመድኩ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ወጣሁ። ገበያተኛው መንገድ ለቆ ቆሞ አየኝ። ደብረ ወርቅን አልፌ አንድ ዳገት ላይ ሞተሩ ሲደክም ሰማሁት። ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ መመለስ አለብኝ። ያቺ ሁልጊዜ የምታሸንፈኝ ቦታ! ፍሪሲዮን ጨበጥኩ፣ አዞርኩ፣ ገባ። ዳገቱን እየጮህኩ ወጣሁት። ሞጣ ስደርስ ጋሽ አለሙ ደጃፋቸው ላይ ነበሩ። ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው በባልዲ ውሃ ቀዱና ጎማዋን ሳይቀር አጠቡልኝ። ሲጨርሱ ዓይናቸውን በክንዳቸው ጠረጉ፤ «ውሃ ተረጭቶብኝ ነው» አሉ። የደጀኑ ሰው ሌላ ጌጥ ይፈልግ።

አንድ ነገር ግን አለ፣ ለማንም ያልነገርኩት። ስታለማምደኝ ከኋላዬ ተቀምጠህ፣ ማርሹ እምቢ ሲለኝ ግራ እጅህን እጄ ላይ ጭነህ አብረን እናዞረው ነበር። እዚያ ዳገት ላይ ገና ሳዞረው ያንን እጅ ጠበቅኩ። ማርሹ በገዛ እጄ ገባ፣ እጅህ ግን አልመጣም። ደስታዬ መሃል እንባዬ ወረደ። ከመጀመሪያውም እንዲህ ቀላል ቢሆን ኖሮ እጅህ እጄ ላይ ባላረፈ ነበር።

ስለዚህ ኑጉን ይቅር ብዬሃለሁ። ጠርሙሱን አልጣልኩትም፣ መስኮቱ ላይ አለ። በየዓመቱ መስቀል ሲደርስ ሽቦዎቹን እኔ አወጣለሁ፣ በደንቡ ግራሶ እቀባለሁ። ሥራዬን ስጨርስም ግራ እጀታውን ጨብጬ፣ እጅህን እያስታወስኩ፣ ጥቂት እቆያለሁ።

ያንተዋ
የሺ